ጳጉሜን የማያውቀው ፕሮግራም

ለምወድሽ እናቴ ለወይዘሮ ወርቅአፈራሁ፣

እንደምን ሰንብተሻል እማ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ሞጣ ላይ ብርዱ ጠንክሮ ይሆናልና ጋቢሽን ደራርቢ። አባባስ ሳላቸው ተሻላቸው? ላሚቱስ ወለደች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በአካል ደህና ነኝ። ልቤ ግን አንድ ቦታ አልረጋ ብሎኛል፤ ይህን እንኳ እየተነሳሁ እየተቀመጥኩ ነው የምጽፍልሽ።

ባለፈው ሥራህ ምንድን ነው ብለሽኝ ሳልጨርስልሽ ስልኩ ተቋረጠ። ድርጅታችን ለገበሬ ማኅበራት የኮምፒውተር ፕሮግራም ይሸጣል። አዲስ ፕሮግራም እንደ አዲስ ጎጆ ነው፤ ዕቃ ካልገባበት አይኖርበትም። የማኅበሩን የቆየ መረጃ፣ የአባላቱን ስምና የተመዘገቡበትን ቀን፣ ከአሮጌው ኮምፒውተር ወደ አዲሱ የማስገባው እኔ ነኝ። ከዚያ ለሠራተኞቹ አጠቃቀሙን አሳይቼ ወደ ሌላ ከተማ እሄዳለሁ። እዚህ ሸኮ ባለው የቡና ገበሬዎች ማኅበርም እንዲሁ አደረግሁ። ኮምፒውተሩ ተጠናቋል ሲለኝ አምኜው፣ ወደ ጌጫ ለመሄድ ሻንጣዬን አሰናዳሁ። ጥድፊያዬን መቼም ታውቂዋለሽ፣ ገንፎ ሳይበርድ የምጎርስ ሰው ነኝ።

በነጋታው ቡና መቀበያው ላይ ጩኸት ተነሳ። ወይዘሮ ውድነሽ የሚባሉ ባልቴት ከጎረቤቶቻቸው ጋር እሸት ቡናቸውን ይዘው ቢመጡ፣ የሚመዝነው ሠራተኛ ስማቸውን ቢፈልግ ቢፈልግ ከፕሮግራሙ ውስጥ የለም። አባል ካልሆነ ሰው ደግሞ ቡና አይቀበሉም። እሸት ቡና እንደ ወተት ነው፣ አያድርም። እኔ ከኮምፒውተሩ ጋር ስታገል እሳቸው ጆንያቸው አጠገብ ቁጭ ብለው ዋሉ። አመሻሽ ላይ ቡናው ሞቆ መሽተት ጀመረ። አፈርኩ እማ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ሳነጻጽር የጠፉት ሁሉ በጳጉሜ የተመዘገቡ ሆነው አገኘኋቸው። እዚህ ሰው ያልተቋጨ ጉዳይ ይዞ ዘመን መሻገር አይወድም፤ አባል ልሁን ያለ ሁሉ የሚሮጠው በጳጉሜ ነው። ፕሮግራሙ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር የተሠራ ስለሆነ ዓመት አሥራ ሁለት ወር ብቻ ይመስለዋል። አሥራ ሦስተኛውን ሲያይ ሰዎቹን ድምፅ ሳያሰማ ጣላቸው። እኔም ሁሉም መግባታቸውን ሳላይ ተነሳሁ።

አዲስ አበባ ደውዬ ስነግረው አለቃዬ ነሐሴ ሠላሳ ብለህ አስገባቸውና ወደ ጌጫ ሂድ አለኝ። የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ባየም ሌላ ቡና ከሚበላሽ እሺ በል አሉኝ። ለጊዜው እንዳሉኝ አደረግሁና የማግስቱ ቡና ተመዘነ። ወይዘሮ ውድነሽ ግን የምዝገባ ደረሰኛቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው አሳዩኝ። እኔ የተመዘገብኩት ጳጉሜ ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት ነው፣ ወረቀቴ ሌላ ማሽኑ ሌላ ካለ እኔ ስሞት ድርሻዬን የሚወርሱ ልጆቼን ማን ያምናቸዋል አሉኝ። የተበላሸባቸውን ቡና እንኳ አላነሱብኝም፤ ይበልጥ ያቃጠለኝ እሱ ነው።

ስለዚህ አልሄድኩም። ፕሮግራሙ ተስተካክሎ ጳጉሜን እስኪቀበል ከዚህ ንቅንቅ አልልም ብዬ ለአለቃዬ ነገርኩት። እንግዲያው ሌላ ሰው እንቀጥራለን ብሎኛል። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል፤ ለገና እመጣለሁ ያልኩሽም ሥራ ፈት ሆኜ ይሆን እላለሁ። የያዝከውን ሥራ አክብር ያልሽኝን አልረሳሁም። ግን አንቺው ፍረጂ እማ። እኔን የወለድሽኝ የሩፋኤል ዕለት፣ ልጆች ደጅ ላይ በዝናቡ እየታጠቡ ሩፋኤል አሳድገኝ ሲሉ እየሰማሽ አይደል? አንዱ መጥቶ ጳጉሜ ለአሠራር አይመችም፣ ነሐሴ ወለድኩት በይ ቢልሽ እሺ ትይው ነበር?

የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ። እህቴን ሰርካዲስን ትምህርቷን እንዳትዘናጋ ንገሪልኝ፤ ጎረቤታችንን እትዬ ዓለምሸትንም እንደምን አሉ በይልኝ። መልስሽን ለሰርካዲስ ነግረሽ አስጽፊና ቶሎ ላኪልኝ። ለአለቃዬ አነብለታለሁ።

የሩፋኤል ዕለት ልጅሽ
ሕዝቅያስ

ሸኮ፣ ኅዳር 9 ቀን 2005 ዓ.ም.