ፊት የማውቀው እኔ

የካቲት 3 ቀን 1962 ዓ.ም.
ገበያ ቀን ስለሆነ የምሠራበት የክሊኒኩ ካርድ ክፍል ተጨናንቆ ዋለ። የደጋው የቡሌ ሰዎች ጉሙን በጋቢያቸው ይዘው የወረዱ ይመስላሉ... ካርዱን ያልጣለ የለም። ሚሽን ገብተው ከተጠመቁ ወዲህ ደግሞ ብዙዎቹ ስም ለውጠዋል። ፊት ግን የት ይሄዳል? አንዷን ገና ሳያት «ፔኒሲሊን አይስማማትም» አልኩ፤ ድሬሰሩ ወንድይፍራው መርፌውን መለሰ። አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር አለኝ። ልቤ ሲንሳፈፍ ዋለ።

የካቲት 9
ኃላፊያችን አቶ ኃይለኢየሱስ አስጠሩኝ። ሚያዝያ ላይ አዲስ አበባ፣ ለስድስት ወር ኮርስ! እስከዚያ መርፌ የማይስማማቸውን ሰዎች ከነድሮ ስማቸው መዝግቢ አሉ። እሺ አልኩ። ግን... ከጻፍኩት ማንም ገልጦ ያገኘዋል። ያኔ እኔ ምንድን ነኝ?

የካቲት 19
መዝገቡ ባዶ ነው። የቡና አበባ ሽታ በመስኮት ይገባል... እርሳሴን ይዤ የአዲስ አበባን ፎቅና አውቶቡስ በሐሳቤ አያለሁ። ነገ እጽፋለሁ።

የካቲት 24
እህቴ አሰፋች ወልዳ ኮንጋ እሷ ቤት አድሬ መጣሁ። ወንድይፍራው በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሆነውን ነገረኝ። ጴጥሮስ የሚባል የቡሌ ሰው እግሩ ቆስሎ መጣ፣ አዲስ ካርድ ወጣለት፣ ፔኒሲሊን ተወጋ። ወዲያው ፊቱ አበጠ፣ ትንፋሽ አጠረው። ገብቼ አየሁት። የድሮ ስሙ ሙሉካ ነው! ከሁለት ዓመት በፊትም እዚሁ፣ በዚሁ መርፌ አብጦ ነበር... ወንድይፍራው በምን ልወቅ ይላል። በምንም። እኔ ነኝ የደበቅኩት።

የካቲት 25
ተርፏል።

የካቲት 27
አልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ። «ጴጥሮስ፣ መርፌው እንደማይስማማህ አውቅ ነበር። ጻፊ ተብዬም አልጻፍኩትም» አልኩት።
ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ካወቅህ፣ ለምን ለብቻህ ያዝከው?»
አማርኛው እንዲህ ነው፣ ሴትና ወንድ አይለይም። አፈርኩ፣ በጣም።

መጋቢት 22
መዝገቡ ሞላ። የድሮ ስም፣ አዲስ ስም፣ ሰፈር። እኔ ስጨርስ ወንድይፍራውም የሚያስታውሳቸውን ጨመረበት። ምን ይጨምራል ብዬ ነበር፣ በሆዴ።

ሚያዝያ 2
ነገ እሄዳለሁ። የካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ተተኪዬ ይመኙሻል ተቀምጣለች፣ እኔ ከኋላዋ። አንዲት ከአሪቻ መንደር የመጣች ሴትዮ ልጇን አዝላ ለራሷ ልትታከም ቀረበች። ፊቷን አየሁት፤ ምንም አላስታወሰኝም። ይመኙሻል የድሮ ስሟን ጠየቀቻት፣ መዝገቡን ገለጠች፣ ካርዱ ላይ በቀይ «ፔኒሲሊን ክልክል ነው» ብላ ጻፈች። ጎንበስ ብዬ መዝገቡን አየሁ። የእጅ ጽሑፉ የወንድይፍራው ነው። እኔ ብሆን ሴትዮዋን ወደ መርፌው አሳልፋት ነበር።