አባባ ከመብራቱ ፊት የተቀመጠ ዕለት

ሐሙስ፣ ጥር 18

ለመንገደኛው ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ኋላ እንዳትታዘበኝ ብዬ ተውኩት። እማዬ ጉልበቴን ከማለቷ በቀር ደህና ናት። እኔ ደክሞኛል። ይህችን ደብዳቤ ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ብዕር ሳነሳ ሳስቀምጥ ከረምኩ።

ነገሩ የአባባ ነው። ሲመሽ ከልብስ ስፌት ሱቁ የሚመለሰው ግድግዳ እየዳበሰ መሆኑን ጎረቤት ነገረን። ለእኛ ግን መነጽሬ አርጅቷል ነበር የሚለን። እማዬ እየጎተተች እኔ የምሠራበት ሆስፒታል አመጣችው፤ ሐኪሙ አይቶ ወደ እኔው ክፍል ላከው።

የዓይን ኤሌክትሪሺያን እያልክ የምትቀልድበት ሥራዬ መቼም አይጠፋህም። ዓይን ብርሃን ሲያይ ከጀርባው ያለው ስስ ሽፋን ቅንጣት ታህል ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ እሷን ነው የምለካው። ብሌኑን በጠብታ አስፍቼ ግማሽ ሰዓት ጨለማ ውስጥ አብሬው ተቀመጥኩ። ወሬው ሁሉ አንተ ነበርክ፤ የአውቶቡስህ ርዝመት፣ የላክኸው ፎቶ። ከዚያ ፀጉር የምታህል ሽቦ ከታችኛው የዓይኑ ቆብ ላይ አሳርፌ መብራቱን ብልጭ አደረግኩ። የጤነኛ ሰው መስመር ማሳያው ላይ ዝቅ ይልና ሽቅብ ይመዘዛል። የእሱ ንቅንቅ አላለም። ሽቦው ተንሸራቶ ይሆናል ብዬ ሁለቴ አስተካከልኩ። ሽቦው ቦታው ላይ ነበር።

ለባዕድ ቢሆን ውጤቱን ሐኪሙ ይነግርዎታል ብዬ እገላገል ነበር። ለእሱም ያንኑ ልል ስል ቀደመኝ።

“ቀጥ ያለ ነው አይደል?” አለኝ። “አርባ ዓመት ቀጥ ያለ ስፌት ፍለጋ ዓይኔን ስፈጅ ኖሬ፣ ይኸው ከዓይኔ ውስጥ ተገኘ።”

እንደ መሳቅ አልኩና መብራት ሳላበራ ትንሽ ቆየሁ።

ሐኪሙ መድኃኒት የለውም አለ። በሽታው በጨለማ ካለማየት ይጀምራል፤ ከአባት ወደ ልጅም ይወርዳል። ወደ ቤት ስንሄድ አባባ ክንዴን ይዞ፣ “ለወንድምሽ ይህን እንዳትጽፊለት። የሚበላው ከመሪው ነው” አለኝ። እሺ አልኩት።

ግን ሃምሳ ሰው ከኋላህ ጭነህ ነው የምትነዳው። ባለፈው ስትደውል፣ ማምሻ ላይ የመንገዱን ጠርዝ ገጨሁት ብለህ ስትስቅ እኔ አልሳቅኩም። ልብ ብለህ እንደሆነ አላውቅም።

ባልደረባዬ እኔንም አስቀምጣ ለክታኛለች። ስለ እኔ አታስብ። ከሰኞ ጀምሮ ወደ መዝገብ ክፍል ተዛውሬአለሁ፤ መስኮቶቹ ትልልቅ ናቸው፣ ሥራውም ሳይመሽ ቤት ያስገባኛል።

በሞቴ፣ እስክትመረመር ድረስ የቀን ፈረቃ ብቻ ያዝ። ምርመራው አያምም፤ ትንሽ ይቆረቁራል እንጂ። መስመርህ ሽቅብ ከተመዘዘ ደውልና እንዳሻህ ስደበኝ፤ ደስ እያለኝ እሰደባለሁ። ካልሆነም ደውል። ለአባባ ቃሌን ማፍረሴን እኔው እነግረዋለሁ።

እሱ ሱቁን አልዘጋም። በቀን ይሰፋል፣ እማዬ በመርፌው ክር ታስገባለታለች፣ ሲነታረኩ ውለው ይገባሉ። እማዬ ክፉ አይንካህ፣ የወጣህበት መንገድ በሰላም ይመልስህ ትልሃለች።

መልሱን አትጻፍልኝ፤ ደውልልኝ። ከእንግዲህ ድምፅህ ይሻለኛል።

ታላቅ እኅትህ