በጥናታችሁ ውስጥ በሕይወት ስላለችው ባለቤቴ

ለጤና አገልግሎት ጥናት የመንግሥትን ገንዘብ ለሚመድበው ቢሮ
ለተከበሩ ዋና ኃላፊ
ጆሃንስበርግ
ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በሥርዎ ላሉት አጥኚዎች በሙሉ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ትንፋሽዎስ? በዚህ ዘመን ሰው ከሰው ሲገናኝ አስቀድሞ የሚጠያየቀው ስለ ትንፋሽ ሆኖ ነው እንጂ ደፍሬዎት አይደለም። እኔ ሽጉጤ እባላለሁ፤ ከዱራሜ መጥቼ ኮዝሞ ሲቲ ውስጥ ስፓዛ የሚሉትን የሰፈር ሱቅ ከከፈትኩ ብዙ ዘመኔ ነው፤ መኖሪያዬ ግን ዮቪል ነው። ዳቦና ወተት ሸጬ ከምከፍለው ግብር ጥቂቷ ዞራ ዞራ እርስዎ ቢሮ እንደምትደርስ ስለምገምት፣ ይህን ስጽፍ እንደ ተበዳይ ብቻ ሳይሆን ለጥናቱ ገንዘብ እንዳዋጣ ባልደረባዎም ቢያዩኝ ደስ ይለኛል።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ባለቤቴ አማረችና እኔ የአንድ የሕክምና መድን አባላት ነበርን። መድኑ አባሎቹን የሚልከው ከእርሱ ጋር ውል ወዳላቸው ክሊኒኮች ብቻ ነው፤ ሆስፒታል ለመተኛት ደግሞ አስቀድሞ በስልክ የፈቃድ ቁጥር መቀበል ግድ ነው። ኮሮና ሲመጣ ቢሮዎ በዚሁ መድን ውስጥ ለሚካሄድ ጥናት ገንዘብ ሰጠ። በበሽታው ከተያዙት አባላት ገሚሶቹን ነርስ ቤታቸው ድረስ ሄዳ ታያቸዋለች፣ ገሚሶቹ በስልክ ብቻ ይጠየቃሉ፣ ከዚያም የትኛው መንገድ እንደሚሻል ይታወቃል። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ይህን የምለው ያለ ሽሙጥ ነው። ባለፈው ሰኔ አማረች ስትታመም ዕጣው በስልክ ከሚጠየቁት ወገን ጣላት።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፦ በራሳችን አፍ የሚያናግረን ጠያቂ ስለቀጠራችሁልን አመሰግናለሁ። አማርኛ ለብዙዎቻችን የእናት ቋንቋ ባይሆንም በዚህ አገር እርስ በርስ የምንገናኝበት ነው፤ መንግሥት ይህን አስቦ አማርኛ ተናጋሪ መቅጠሩ ትልቅ ነገር ነው። ልጁም ጨዋ ነበር። በየጠዋቱ እየደወለ ወይዘሮ አማረች እንዴት አደሩ ይል ነበር፤ እሷም እያሳላት መልሳ የእሱን እናት ጤና ትጠይቀው ነበር።

ሁለተኛ፦ መድኑ ስልኩ እስኪነሳ ድረስ ስለሚያሰማን ሙዚቃ አመሰግናለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአማረች ትንፋሽ አጥሮ ከንፈሯ ሲጠቁር የፈቃድ ቁጥር ለመጠየቅ ወደ መድኑ ደወልኩ። ብዙ ካዳመጥኩ በኋላ አንዲት ሴት አንስታ፣ ታማሚዋ በስልክ ከሚጠየቁት ወገን መሆኗንና በማግስቱ ጠዋት እንደሚደወልላት አስረዳችኝ። እኔ ግን ትዕግሥት የሌለኝ ሰው ስለሆንኩ መኪናዬ ውስጥ አስገብቼ ውል ወዳለው ሆስፒታል ወሰድኳት። በሩ ላይ ዘበኛው አልጋ መሙላቱን፣ ቁጥር የሌለው እንደማይገባ ነገረኝ። እንደገና ደወልኩ፣ ሙዚቃው እንደገና ጀመረ። አማረች አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። «ቁጥሩን ሰጡህ?» አለችኝ። አሁን ይሰጡናል አልኳት። ሙዚቃው ሳያበቃ አረፈች። ከሞቱ አሟሟቱ የሚባለውን እስከዚያ ቀን ድረስ በአፌ እንጂ በሆዴ አላውቀውም ነበር።

ሦስተኛ፦ ይህ ከሁሉ የሚበልጠው ምስጋናዬ ስለሆነ በትዕግሥት እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች በማለዳ ሄደው፣ ጎረቤት አስከትለው፣ ሰውየው ሲወድቅ የሚይዘው ክንድ አጠገቡ መኖሩን አይተው ነው የሚያረዱት። የአማረች እናት ዱራሜ ናቸው፤ የልብ ሕመምተኛ ናቸው። ወንድማቸው ከአርባ ምንጭ እስኪደርሱ ድረስ እንዳይሰሙ ብለን ቤተሰቡ ሁሉ ተማማልን፦ ማንም ይደውል ማን፣ አማረች ደኅና ናት ይባላል። ስልኳን የያዘችው ዮቪል ቤታችን አብራን የምትኖረው የአክስቷ ልጅ ፊቤ ነበረች። ቀብረናት በተመለስን ማግስት፣ ለቀስተኛው ተቀምጦ ሳለ፣ ያ ጨዋ ልጅ ደወለ። አማርኛ ይናገራል፣ በስሟ ጠርቶ ይጠይቃል። ፊቤ ለዚህ ሰው እውነቱን ብነግረው ወሬው ሳይመሽ ዱራሜ ይገባል ብላ ፈራች። ድምፅዋን አስተካክላ፣ «ደኅና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ አሁን እንቅልፍ ወስዷት ነው» አለችው። ለቀስተኛው እጁን አፉ ላይ አደረገ። ልጁ ትንፋሽ ያጥራታል ወይ ሲላት ፈጽሞ አለችው፤ በአገልግሎቱ ረክታለች ወይ ሲላት በጣም አለችው። ከዚያ ስልኩን ዘግታ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

በፊቤ አልፈርድም፤ በልጁም አልፈርድም። እሷ የአክስቷን ልብ ጠበቀች፣ እሱም የተነገረውን ጻፈ። ነገር ግን ክቡርነትዎ፣ አንዲት ነርስ በዚያን ቀን ደረጃችንን ወጥታ ቢሆን ኖሮ፣ ከቤተ ክርስቲያን የተዋስናቸውን ወንበሮች ኮሪደሩ ላይ ተደርድረው ታይ ነበር። ማንንም ሳትጠይቅ ይገባት ነበር። ከስልክና ከነርስ የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄያችሁ መልሱን እዚያ በራችን ላይ ያገኝ ነበር።

እናቲቱ ተረዱ፤ እግዚአብሔር አጽንቷቸዋል። የጥናታችሁ ውጤት ግን ባለፈው ወር ወጣ። በስልክ ከተጠየቁት መካከል አንድም ሰው አልሞተም፣ ስልክ ከነርስ ወጪው ያነሰ ነው፣ ስለዚህ ነርሶቹ ቤት ለቤት መሄዳቸውን ያቁሙ ይላል። መድኑም ወዲያው አቆማቸው፤ ቢሮዎ ደግሞ ውጤቱን ወዶት ለሁለተኛው ዙር ገንዘብ ጨመረ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። የተማሩ ሰዎች ቢሮ መሆኑን ስለማውቅ፣ አጥብቆ የያዘው ወረቀቱ ብቻ ነው ብዬ ተጽናናሁ።

የባለቤቴ ወንድም ዓብዩና እኔ የሞት ምስክር ወረቀቷን ይዘን ወደ ቢሮዎ መጣን። ያስተናገደችን ሴት መልካም ሰው ነበረች፤ ወንበር ሰጠችን፣ ውኃ አመጣችልን፣ ከዚያም ኮምፒውተሯን ረጅም ጊዜ አየች። መረጃ የሚሰበሰብበት ጊዜ አልፏል አለችን። ዓብዩ ታዲያ እህቴ የት ናት ብሎ ሲጠይቃት አንገቷን ደፋች። «ይቅርታ ባባ፣ በእኛ በኩል ደኅና ናቸው» አለችው።

አራተኛ ልል ነበር፤ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ምስጋና ስላልሆነ ቁጥር አልሰጠውም። የምለምንዎ ካሳ አይደለም። ባለቤቴን ሞታለች ብላችሁ ጻፉልኝ። አማረች በሕይወቷ ሳለች በሕንፃችን የወለደችውን አራስ፣ የታመመውን ደላላ፣ ሀገሩንም ሆነ ቋንቋውን የማናውቀውን ጎረቤት ሳይቀር ሾርባ ይዛ የምትጠይቅ ሴት ነበረች። እንዲህ ያለች ሰው ስሟ ነርስ መከልከያ ሆኖ መዋሉ ከሞቷ ይልቅ ያቃጥለኛል። እኔ ሱቅ ስዘጋ አሁንም ልደውልላት ስልኬን አወጣለሁ። ናፍቃኛለች፣ ክቡር ሆይ። ሌላ የምለው ቃል አጣሁ።

በመጨረሻም በሥራዎ ሁሉ መቃናትን፣ በቤትዎ ሰላምን እየተመኘሁ፣ ባለቤቴ በእናንተ ወረቀት ላይ ያገኘችውን ጤናና ረጅም ዕድሜ ለእርስዎም እንዲሰጥልኝ ፈጣሪዬን ስለምን የምኖር፣

የሟች አማረች ባል፣
ትሑት አገልጋይዎ
ሽጉጤ፣ ከኮዝሞ ሲቲ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው ዓብዩ ታመመ። ተመርምሮ ኮሮና ተገኝቶበታል፤ ከትናንት ጀምሮ ደረጃ መውጣት አቅቶታል። እሱም የመድኑ አባል ስለሆነ ደውዬ ነርስ ላኩልን ብል፣ ስልክ እንደሚበቃ በጥናት መረጋገጡንና ነገ ጠዋት እንደሚደወልለት ነገሩኝ። ፊቤ ከእንግዲህ ስልክ አላነሳም ስላለች የማነሳው እኔ ነኝ። ደኅና ነው ብላቸው በስልክ ዳነ ብለው ይጽፋሉ፤ ታሟል ብላቸው ነገ እንደውላለን ይሉኛል። ስለዚህ ምን ብዬ ብመልስ ነርስ እንደምትላክልን ከጠዋቱ በፊት ቢያሳውቁኝ ውለታዎን አልረሳም።