ባለቤት የለውም ያልነው ምድጃ

ይድረስ ለክቡር የወዳጅ ሀገራት የንግድ ትብብር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ካሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ከስብሰባ ወደ ስብሰባ፣ ከምረቃ ወደ ምረቃ ሲመላለሱ የሚደክመውን ወገብዎን ፈጣሪ ይጠብቅልን። እኔ ደኅና ነኝ እንዳልል እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ደኅና አይደለሁም እንዳልል ደግሞ ገበያዬ ደርቷል። ስሜን ቢዘነጉት አልቀየምም። ዱባይ ተራ የወጥ ቤት ዕቃ የምሸጠው ወልደሚካኤል ነኝ፤ ባለፈው መስከረም የቻይና የንግድ ልዑካን መርካቶን ሲጎበኙ «የነጋዴው ተወካይ» ተብዬ ከጎንዎ ሳልለይ የዋልኩት። ጋዜጣ ላይ የወጣው ፎቶ ላይም አለሁ፤ ከክርንዎ በስተጀርባ ግማሽ ፊቴ ይታያል።

ጉዳዬን በአደባባይ የምጽፈው ክቡርነትዎን ለመድፈር አይደለም። ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነዎት ስለሚሉኝ፣ ጋዜጣ ግን ስብሰባ ላይም ይነበባል ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ጉብኝቱ ዝግጅት ምስጋናዬ ይድረስዎ። ለዓመታት ቆሻሻው ይነሳልን ብለን ስንለምን የኖርነው ምን አለሽ ተራ፣ እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል በአንድ ማለዳ ተጠርጎ ውሃ ተረጨበት። ተሸካሚዎቹም ለዓይን እንዳይከብዱ ወደ ጓሮ ተባሉ። ለካ ይቻል ኖሯል!

እንግዶቹ የሚያዩትን ሀገር በቀል ሥራ እንድመርጥ ባዘዙኝ መሠረት እትዬ ሠርኬን የመረጥኩት እኔ ነኝ። እትዬ ሠርኬ ባላቸው ሲሞቱ መዶሻውን አንስተው በሟቹ ቦታ የተቀመጡ ሴት ናቸው፤ ከአሮጌ በርሜል የከሰል ምድጃ ይሠራሉ። በክረምቱ ያወጡት ምድጃ ከሥሩ እንደ መሳቢያ የሚሳብ የአመድ መያዣ አለው፤ በጎኑም ነፋሱን የሚከፍትና የሚዘጋ ቆርቆሮ ተገጥሞለታል። ከሰል ይቆጥባል፣ ቤት አያቆሽሽም። የመርካቶ ሴት ሁሉ ስትሻማበት ነበር።

እዚህ ላይ ክቡርነትዎ ምናልባት ያልሰሙት አንድ ደንብ አለን። ምን አለሽ ተራ ውስጥ አንድ ባለሙያ አዲስ ነገር ሲያወጣ እስከሚቀጥለው ፋሲካ ማንም አይነካበትም፤ «ያመጣው ይብላበት» ይባላል። ከፋሲካ ወዲያ የፈለገ ይቀጥቅጠው። ማኅተም የለውም፣ አዋጅ አልወጣለትም፣ ግን ይከበራል። ከእትዬ ሠርኬ አጠገብ የሚሠራው ጀዋር ያንን ምድጃ ለመሥራት ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። ሆኖም ደንበኛ ሲጠይቀው በእጁ ወደ እሳቸው እያመለከተ ፋሲካን ሲጠብቅ ከረመ። ይህን ደንብ እኔ አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ መርካቶ ነው ያደግሁት።

እንግዲህ ያቺን ሰዓት ያስታውሷታል። እትዬ ሠርኬ ምድጃውን አቀጣጥለው ሊያሳዩ ከሰል ሊያመጡ ሄዱ። የልዑካኑ መሪ ምድጃውን አገላብጦ አየና በአስተርጓሚው በኩል፣ ይህ የማን ሥራ ነው፣ በብዛት ማሠራት ብንፈልግ ከማን ጋር እንዋዋል ብሎ ጠየቀ። እግዜር ያሳይዎት፣ ሰውየው ውል ነው የጠየቀው! እርስዎ ወደ እኔ አዩ። እኔ ደግሞ ይሉኝታ ያዘኝ፤ ደጃችን ድረስ ከመጣ እንግዳ ጋር ስለ ጥቅም ማውራት ስስታም የሚያስመስለን መሰለኝ። «ኧረ ይሄ የማንም አይደለም፣ የሕዝብ ነው። ደስ ካላችሁ ውሰዱት» አልኩ። ምነው ያኔ ምላሴን በያዘው።

እንግዳው አላመነም መሰለኝ ደግሞ ጠየቀ። ያን ጊዜ ክቡርነትዎ ስጦታው የሁለቱ ሕዝቦች የማይናወጥ ወዳጅነት መግለጫ መሆኑን አብራሩለትና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እትዬ ሠርኬ ከሰሉን ይዘው ሲመለሱ ሁላችንም ስንስቅ አገኙን፤ እሳቸውም ሳቁ። እንግዳ ባዶ እጁን አይሸኝም ብለውም አንዱን ምድጃ በጨርቅ ጠቅልለው ለሰውየው ሰጡት።

ሁለተኛ፣ ስለ ቴክኖሎጂ ሽግግሩ አመሰግናለሁ። ያን ቀን ባደረጉት ንግግር ሽግግሩ በቅርቡ ይጀመራል ብለውን ነበር፤ ቃልዎን አጥፈዋል የሚል ቢኖር ምስክር ሆኜ እቆምልዎታለሁ። አቅጣጫውን ብቻ አልነገሩንም። ጥምቀት አልፎ ብዙም ሳይቆይ፣ ጀዋር የሚጠብቀው ፋሲካ ገና ሳይደርስ፣ ምድጃው መሳቢያውም መዝጊያውም ሳይቀር ቀይ ቀለም ተቀብቶ በኮንቴይነር ዱባይ ተራ ገባ። ዋጋው እትዬ ሠርኬ ቆርቆሮውን ከሚገዙበት ያንሳል። ያስመጣው ነጋዴ ቀረጡን ከፍሏል፤ ያመረተው ፋብሪካም ውሰዱ ተብሎ የወሰደ ነው። ሌባ ብፈልግ አጣሁ።

ምድጃውን እኔም እሸጠዋለሁ። ከሱቄ በር ላይ ደርድሬዋለሁ። እኔ ባልሸጠው ጎረቤቴ ይሸጠዋል እላለሁ፤ ይህን ስል ግን የገዛ ፊቴን በመስታወት ማየት እያስጠላኝ ነው።

ሦስተኛ፣ የእትዬ ሠርኬ ምድጃ ገዢ ካጣ ሰነባበተ። ረዳቶቻቸውን አሰናበቱ፤ የቦታውን ኪራይ መክፈል ስላቃታቸውም በመጪው ሰኔ ልቀቁ ተብለዋል። በሱቄ በር ባለፉ ቁጥር ቀዩን ምድጃ ያዩና፣ ስጦታ ጠቅልዬ የሸኘኋቸው ቻይናዎች ላቤን ሰረቁኝ እያሉ ይራገማሉ። እኔስ ምን እላለሁ? «እውነትዎን ነው እትዬ» እላለሁ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ያ ምስኪን የልዑካን መሪ ባለቤቱን አሳዩኝ ብሎ የጠየቀ ብቸኛ ሰው ነበር። ጀዋርም በቀደም ሱቄ ድረስ መጥቶ፣ ታዲያ እኔ ማንን ብዬ ነው ስታገስ የኖርኩት ብሎ ጠየቀኝ። ሻይ አዘዝኩለት።

አራተኛ ይሁን አምስተኛ ቁጥሩ ጠፍቶኛል፣ ባለፈው ወር የላኩልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። በመስከረሙ ጉብኝት ላሳየሁት «በሳል የዲፕሎማሲ ክህሎት» አመስግነውኛል፤ እናቴ በሕይወት ብትኖር እልል ትልልኝ ነበር። ሁለተኛው የቻይና ልዑክ ከፋሲካ በኋላ ስለሚመጣም ሌላ አዲስ ሥራ እንዳዘጋጅ አዘዋል። እትዬ ሠርኬ እጀታውን ሲያዞሩት ቆሎውን ራሱ የሚያገላብጥ መቁያ ጀምረዋል ሲባል መስማትዎን ጠቅሰው፣ እሱን እንዳቀርብልዎ ጠይቀዋል። ጆሮዎ ለልማት ንቁ መሆኑን አደንቃለሁ። ክቡር ሆይ፣ ያ መቁያ ለሴትየዋ የቀራቸው የመጨረሻ ነገር ነው። እሱም እንደ ምድጃው ከሄደ መዶሻውን ይዘው የሚቀመጡበት ቦታ አይኖራቸውም።

ደብዳቤዎ በእጄ እያለ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ለጋዜጣው ከመስጠቴ በፊት ወደ ምን አለሽ ተራ ወርጄ ለእትዬ ሠርኬ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። መዶሻውን ጭናቸው ላይ አድርገው አዳመጡኝ። ይጮኹብኛል ብዬ ነበር፤ ቢጮኹብኝም እመርጥ ነበር። እሳቸው ግን እንዲህ አሉ፦ «ብትጠይቀኝ ኖሮ እኔም አፍሬ እሰጣቸው ነበር። ግን አልጠየቅከኝም።»

ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት በእጃቸው አስቆሙኝ። ልዑኩ ይምጣ፣ እንግዳ አይከለከልም፣ መቁያውንም አሳየዋለሁ አሉ። ባለቤቱ ማን ነው ብሎ ሲጠይቅ አጠገቡ የሚቆሙት እሳቸው፣ ከጎናቸውም ጀዋር ይሆናል። «አንተ የዚያን ዕለት ሱቅህ ዋል» ብለው መዶሻቸውን አነሱ።

ስለሆነም ከተወካይነት መሰናበቴን በትሕትና አስታውቃለሁ። ለክቡርነትዎም አንዲት ትንሽ ልመና አለችኝ፦ እንግዳው ሲጠይቅ እባክዎ ሴትየዋ ከሰል ይዘው እስኪመለሱ ይታገሡ። ወዳጅነቱ እስከዚያ አይናወጥም።

በክርንዎ ጥላ ሥር ግማሽ ፊቱ ለታየው፣ አፉ ከልቡ ቀድሞ ለሮጠው አገልጋይዎ ምሕረት እንዳይነፍጉት እየለመንኩ፣ ወንበርዎ እንዲጸናልዎ፣ ከወንበሩ በታች ያለነውም እንድንታይዎ እመኛለሁ።

ወልደሚካኤል ምንይሉ
ከዱባይ ተራ፣ አዲስ ከተማ
መጋቢት 2002 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ በዚህ ሳምንት ከጽሕፈት ቤትዎ አንዲት ትሑት ሠራተኛ መጥታ፣ ለሚመጡት ልዑካን በስጦታ የሚበረከት «የኢትዮጵያ ባህላዊ የእጅ ሥራ» ፈልጋ፣ ቀዮቹን ምድጃዎች በዋጋቸው ርካሽነት መርጣ ከሱቄ ገዝታለች። እኔም ይሉኝታ አመሌ ነውና ደረሰኝ ቆረጥኩላት። እንግዶቹ ስጦታውን ገልብጠው ከሥሩ የታተመውን የገዛ ሀገራቸውን ስም ሲያነቡ ክቡርነትዎ በቦታው ቢኖሩ መልካም ነው፤ ወዳጅነቱን የሚያብራራላቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል።