የአባትሽ ቮልስ ሊብሬ

ልጄ ፋሲካ፣ የጎንደር አርባ አራቱ ታቦት ባለሽበት ይጠብቅሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ዘንድሮ ሸጋ ሆኗል።

የአባትሽን ቮልስ እንዳልሽኝ ጋራዥ አስገባኋት። መካኒኩ አብዮት ነጩን ቀለም ሲፍቀው የድሮው ሰማያዊ ወጣ፤ የድሮው ፍርሃቴም አብሮ ወጣ። ነፍሱን ይማረውና አባትሽ በደርግ ጊዜ ገዝቷት ሲመጣ፣ ከሰው የተወረሰች መስላኝ እስኪሞት ድረስ አንድም ቀን አልተሳፈርኩባት። እሱ ቀለሟን የጠላሁ መስሎት ነጭ አስቀባት። እኔም ዝም አልኩ። ቤተ ክርስቲያን እሱ በማኪና፣ እኔ በእግሬ!

ሊብሬዋ ላይ የፊተኛው ባለቤት ስም ስላለ ማክሰኝት ድረስ ሄጄ ልጃቸውን ወይዘሮ ወርቅውሃን አገኘሁ። የሽያጩን ውል ከሳጥን አውጥተው አሳዩኝ። «አባቴ ወደው ነው የሸጡለት፤ ማንም አልነጠቃቸውም» አሉኝ። እዚያው እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ቮልሷን ሰማያዊ አስቀባኋት። እሑድ አብዮት እየነዳ፣ እኔ ጋቢና ተቀምጬ ቅዳሴ ደረስን። ምነው አባትሽን አንዴ ጠይቄው ቢሆን ኖሮ!

እመቤቴ ከፊት ትምራሽ፣ ከኋላም ትከተልሽ። አደራ ልጄ፣ በሆድሽ የያዝሽብኝ ነገር ካለ እኔ እያለሁ ጠይቂኝ።

እናትሽ ወለላ