የዝናቡ ቀለበት

አዋሳ፣ ኅዳር 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ ለፍቅሬ፣ ኩባ፤

ባለህበት አገር ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ስምህን እያነሳን አለን፤ ጌታ ይመስገን።

ስለ አውሎ ነፋስ ትምህርትህ የጻፍከው ደብዳቤ ከአውሎ ነፋሱ ሥዕል ጋር ደርሶናል፤ የደረሰን ግን ተከፍቶ ነው። አባባ ሥዕሉን ፒያሳ ይዘው ሄደው "የልጄ ሥራ ነው" እያሉ ለመምህራን ጓደኞቻቸው አሳዩ። በማግስቱ ሁለት ሰዎች ቤት መጡ።

"ይህ ቀለበት የምን ምሽግ ነው? መሃሉ ያለው ዓይንስ ማንን ነው የሚያየው?" አሏቸው።

አባባ ሳቁ። "ዝናብ እኮ ነው! ዓይን የሚባለው ጸጥ ያለው የአውሎ ነፋሱ መሃል ነው፤ የውጭው የዝናብ ቀለበት ወደ መሃል ይጠጋና ዓይኑን የከበበውን የውስጡን ግድግዳ አዳክሞ በቦታው ይተካል" አሏቸው።

ሰዎቹ ተያዩ። "በል፣ ይህንኑ መጥተህ አስረዳ" አሉ።

ይዘዋቸው ከሄዱ ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ። አስረድተው አልጨረሱ ይሆናል። እኔም ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ሞገዱ ግድግዳውን እየዞረ ክቡን ዓይን አራት ማዕዘን ያስመስለዋል ያልከው ጭራሽ ግራ አጋባኝ። ለሚጠይቀኝ ሰው እንዴት ብዬ ልንገር? እባክህ አስተማሪህ ነገሩ ዝናብ ብቻ መሆኑን ይጻፉልን፤ ማኅተምም ይኑረው። ሥዕል ግን አትላክ።

እማዬ የአባባን ምሳ ያሉበት ድረስ በየቀኑ ታደርሳለች። ምሳ ዕቃው ባዶውን ነበር የሚመለሰው፤ ትናንትና ዛሬ ግን ወጡም እንጀራውም እንዳለ ተመለሰ። "ጨው አብዝቼበት ይሆናል" ብላ ለነገ ሌላ ወጥ እየሠራች ነው።

ሁላችንም በናፍቆት ሰላም ብለንሃል። ጌታ ከክፉ ይሰውርህ።

እህትህ ብዙአየሁ