የፍሬን ዘይት ተብሎ ስለተሸጠልን ወፍራም ነገር

ለመሆኑ መለዋወጫ ሊገዛ ገብቶ ሻጩን ሲያይ «ይህን ልጅ እዚህ ያስቀመጠው ማን ነው?» ብሎ በሆዱ ያልጠየቀ ባለመኪና ይኖር ይሆን?

ግልጽ ደብዳቤ፦ ይድረስ ለተከበሩ የመኪና መለዋወጫ መደብር ባለቤት፤

በቅድሚያ ከነመላው ቤተሰብዎ ጤናዎ እንደተሟላ፣ እጅና እግርዎም በየቦታቸው እንዳሉ ተስፋ በማድረግ ልባዊ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ የታክሲ ሹፌር ልጅ ስሆን፣ በቅርቡ ተመርቄ፣ የክራቫቴን ቋጠሮ ሳላላላ በመደብርዎ ለሽያጭ ሠራተኝነት ባመለክት «ልምድ የለህም» ተብዬ መመለሴን በጸጋ ተቀብያለሁ። በቦታው የተቀጠረው የእህትዎ ልጅ ያለውን ልምድ ግን ከአባቴ ጋር በደንበኝነት ስለቀመስነው፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. የሞተር ቺንጋ ስንጠይቀው በራሱ ወገብ ዙሪያ ለክቶ «ለኔ ትንሽ ይሰፋል፣ ለመኪናዋ ግን ልክ ነው» ብሎ ስለሸጠልን እናመሰግናለን። አባቴ እንባው እስኪፈስ ስቋል።

፪. የዘይት ፊልትሮ ስንፈልግ የመኪናዋን ሞዴል ትቶ ቀለሟን ጠየቀን፤ ሰማያዊ ናት ስንለው በሰማያዊ ካርቶን የታሸገ መረጠልን። ለውበት ያለውን ስሜት እናደንቃለን።

፫. ሳቁ እዚህ ላይ ያበቃል። መደብርዎ ዘይቱን ሁሉ ከጀሪካን ወደ ባዶ የውሃ ጠርሙስ እየቀዳ፣ ምንም ሳይጽፍበት የመደርደር ልማድ አለው። አባቴ የፍሬን ዘይት ጠይቆ የተሰጠው ቢወፍርበት፣ የእህትዎ ልጅ «አባባ፣ ቀጭኑማ ያንሸራትታል፤ ወፍራሙ ነው ጨምድዶ የሚይዝልዎ» ሲል አስረዳው። ለካ የካምቢዮ፣ ማለትም የማርሽ ዘይት ነበር። የፍሬኑን የላስቲክ ጎሚኒዎች አሳብጦ ጨረሳቸው። አባቴ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዝ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ሰመጠ፤ ከፊቱ ከትምህርት ቤት የተለቀቁ ልጆች እየተሻገሩ ስለነበር መሪውን ወደ ግንቡ አዞረው። ልጆቹ ደህና ናቸው። የአባቴ ግራ እግር ከጉልበቱ በታች ተቆርጧል። ተኝቶም ቢሆን በተረፈው እግሩ የአልጋውን ብረት ይረግጣል፤ እናቴ ትራስ አድርጋበታለች።

ይህን ለመደብርዎ ሰዎች ልነግር ስመጣ በመደብሩ ውስጥ በሚነበብ ጽሑፍ የተለጠፈው ብቸኛ ነገር ተጠቆመኝ፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል። ክቡርነትዎ፣ እግሩ እንዲመለስልን አልጠየቅንም። የጠየቅነው ከዚያው ጀሪካን የገዙት ሰዎች ሳይረፍድ እንዲነገራቸው ነው። እስካሁን አልተነገራቸውም፤ እየነዱ ነው።

ስለዚህ ጽሑፍ በሌለው ጠርሙስ የፍሬን ዘይት የገዛችሁ አንባቢዎች፣ መኪናችሁን አቁሙ፤ ለመካኒክ አሳዩ፤ ከዚያ ጻፉልኝ። እርስዎም መልስዎን እንዲሰጡኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ለመደብርዎ ዕድገት ከቤተሰቡ አንድ እግር ያበረከተው፣ ልምድ የሌለው አመልካች

ማስታወሻ፦ የእህትዎ ልጅ ዘይቱ እንከን እንደሌለው ሊያስረዳኝ፣ ከዚያው ጀሪካን ለእርስዎም መኪና እንደሞላላት በኩራት ነግሮኛል። መልስዎን ሲያመጡልኝ እባክዎ በእግርዎ ይምጡ፤ ገና ሁለቱም አሉዎት።